የሳንቲም ሰብሳቢዎች ግሩፕ ደንብ እንዴት ይውጣ?

የድሮ ገንዘብ የምትሰበስቡ ጥቂት ሰዎች ከተዋወቃችሁ አንዱ የቴሌግራም ግሩፕ መክፈቱ አይቀርም። መክፈቱ ደቂቃ አይፈጅም። ከባዱ ከወራት በኋላም ግሩፑ ስለ ሳንቲም የሚወራበት ቦታ ሆኖ እንዲቆይ ማድረግ ነው። እኔ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር እንዲህ ያለ ግሩፕ አስተዳድራለሁ። ብዙ አይደለንም። አዲስ አበባ፣ ደሴ፣ ሐረርና መቀሌ የሚኖሩ አሉ፤ ዋሽንግተንና ሪያድም የተወሰኑ አሉ። ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ግሩፕ ለመክፈት ላሰባችሁ፣ ወይም ከፍታችሁ ከቁጥጥር ውጭ እየሆነባችሁ ላላችሁ ነው።

ይህ ነገር ለእኔ ዝም ብሎ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ አይደለም። አባቴ አንጥረኛ ነበር። ስንት ጠገራ ብር ቀልጦ መስቀልና የአንገት ሐብል ሲሆን አይቻለሁ። የተረፈውን የሚያውቅና የሚጠብቅ ሰው ሲበዛ ደስ ይለኛል። ለዚህ ነው ስለ ደንብ የምጨነቀው።

ትንሽ ግሩፕን የሚያቆመው የክልከላ ብዛት አይደለም ባይ ነኝ። ሰው ፖስት ሲያደርግ ምን ይዞ መምጣት እንዳለበት በግልጽ የሚናገር መስፈርት ነው። መስፈርቱ ጥሩ ከሆነ ግማሹ ችግር ከበር ይመለሳል።

ከሁሉ በፊት ግሩፑ የምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። የእኛ “በኢትዮጵያ የተሠራበትን ገንዘብ ለማወቅ፣ ለመለየትና ለመለዋወጥ” ይላል። እያንዳንዷ ቃል ሥራ አላት። “በኢትዮጵያ የተሠራበት” ስላልን የኦስትሪያው ጠገራ ብር ይገባል፤ የጣሊያን ወረራ ዘመን ሊሬም ይገባል። ዛሬ የሚመነዘር ዶላር ግን አይገባም። ስሙንም አስቡበት። “ገንዘብ” የሚል ቃል ብቻውን ስሙ ላይ ከተቀመጠ “ዶላር አለ፣ በጥሩ እንገዛለን” የሚሉ ሰዎች ይጎርፋሉ። “የድሮ ሳንቲምና ብር ኖት” ሲባል ይቀንሳሉ። ለቀሩት አንድ መስመር ይበቃል፦ የውጭ ምንዛሪ የጠየቀ ወይም ያቀረበ ያለ ማስጠንቀቂያ ይወጣል። እዚህ ላይ ምሕረት አታድርጉ። ጣጣው ለሁሉም አባል ይተርፋል።

ፖስት ምን ይኑረው?

ሰው ሳንቲም ፎቶ አንስቶ “ይሄ ስንት ያወጣል?” ብሎ ይለጥፋል። ፎቶው ደብዝዟል፣ አንድ ጎኑ ብቻ ነው የሚታየው። ከሥሩ አሥር ሰው አሥር ነገር ይላል። ማንም ምንም አይማርም። ስለዚህ የእኛ መስፈርት ይህ ነው፦ የሁለቱም ጎን ፎቶ፣ የጠርዙ ፎቶ፣ ክብደት በግራም፣ ስፋት በሚሊ ሜትር፣ ማግኔት ይስበው አይስበው።

መጀመሪያ ላይ “ይህ ሁሉ ለአንድ ሳንቲም?” ያሉን ነበሩ። ጠገራ ብርን አስቡ። ማንኛውንም ብታነሡ 1780 ይላል። ይህ በብሩ ላይ ምስሏ ያለው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላም ቪየና ያንኑ 1780 እየጻፈችበት ማተሙን ቀጠለች። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ቦምቤይ ሳይቀሩ ያንኑ ብር 1780 የሚለውን ሳይለውጡ አትመውታል። ስለዚህ “ብርቅ ነው፣ የ1780 ነው” የሚል ፖስት ምንም አልነገረንም። ጠርዙ ግን ይናገራል። በትክክለኛው ጠገራ ብር ጠርዝ ዙሪያ የላቲን ፊደል ከፍ ብሎ ተቀርጿል፤ “በፍትሕና በምሕረት” ማለት ነው። በእጃችሁ ስታዞሩት ጣታችሁ ያገኘዋል። ተራ አስመሳይ ሳንቲም ላይ ጠርዙ ልሙጥ ይሆናል ወይም ፊደሉ ይደበዝዛል። ክብደቱ 28.07 ግራም አካባቢ፣ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ብዙ የተሠራበት ጥቂት ይቀንስ ይሆናል። 24 ግራም ከመዘነ ግን ሌላ ጥያቄ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ብሩ ራሱ መልሷል። ማግኔት ከሳበውም እንደዚሁ።

የምኒልክ ብርም ከጠገራ ብር ጋር እኩል እንዲመዝን ተደርጎ ፓሪስ የተሠራ ስለሆነ በዚሁ መለኪያ ይፈተሻል።

ጠርዝ የግድ የሚሆንበት ሌላ ምሳሌ አለ፤ እኔ በጣም የምወደው። 1936 ዓ.ም. የሚል የአፄ ኃይለ ሥላሴ 25 ሳንቲም አንዳንዱ ክብ ነው፤ አንዳንዱ ጠርዙ ወጣ ገባ ተደርጎ ተቆርጧል። ምክንያቱ ተንኮል ነበር። 50 ሳንቲሙ ብር፣ 25ቱ መዳብ ነው፤ ስፋታቸው ግን ይቀራረባል። ሰዎች 25ቱን ብር እየቀቡ 50 ነው ብለው መክፈል ጀመሩ። ያኔ እጅ በጨለማ እንኳን እንዲለየው የ25ቱ ጠርዝ ተቆረጠ። ይህን ታሪክ ግሩፑ ያወቀው አንድ አባል የጠርዙን ፎቶ በደንቡ መሠረት ስላስቀመጠ ነው። ከፊት ብቻ ቢያነሣው ኖሮ “ቆንጆ ነው” ተብሎ ይታለፍ ነበር።

ሚዛን የለኝም የሚል ይኖራል። ወርቅ ቤት ሄዶ በትሕትና ከጠየቀ ይመዝኑለታል። እስኪመዝን ድረስ ጥያቄውን መለጠፍ ይችላል፤ የዋጋ ግምት ግን አይሰጠውም። ይህን ልዩነት ደንባችሁ ላይ ጻፉት። ጀማሪ እንዳይሸማቀቅ፣ ወሬም እንዳይነዛ ያደርጋል።

ዓመተ ምሕረት ላይ ጥብቅ ሁኑ። ፲፰፻፹፱ የሚለውን አንብቦ “የ1889 ነው” ያለ ሰው ውጭ ሀገር ካለ ሻጭ ጋር ሲጻጻፍ የፈረንጅ ዓመት ይመስላል። በፈረንጅ 1896 ወይም 1897 ነው። የሳንቲሙን ዓመት የሚጽፍ ሁሉ ወይ “ዓ.ም.” ወይ “እ.ኤ.አ.” ይጨምር። የግዕዝ ቁጥር የማያነብ አባል ካለ ፒን ባደረጋችሁት መልእክት ውስጥ ከ፩ እስከ ፻ አስቀምጡለት። ውጭ ተወልደው ያደጉ ልጆች ከዚያች ዝርዝር ተነሥተው ማንበብ ሲጀምሩ ማየት ደስ ይላል።

ደግሞ ስለ ማጽዳት። ሎሚና አመድ፣ የጥርስ ሳሙና፣ አሲድ፤ ይህን ሁሉ የሚመክር አይጠፋም። ብር ላይ በዘመን የወጣው ጥቁረት ሳንቲሙን አይጎዳውም፤ መፈተጉ ግን የማይመለስ ጭረት ይተዋል። ሰብሳቢ የተፈተገ ሳንቲም በቅናሽ ነው የሚገዛው። ደንባችን “የማጽጃ ምክር አይሰጥም” ይላል፤ የተሰጠም ይሰረዛል። አንድ ሰው አንዴ የተሳሳተ ምክር ካነበበ የአያቱን ሳንቲም ማታውኑ ፈትጎ ያድራል።

“ፌክ ነው” እንዴት ይባላል?

ብዙ ግሩፕ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። አንድ አዛውንት አባል ከአባታቸው የወረሱትን የምኒልክ ብር አስቀመጡ። ከሥሩ “አባቴ ከሞቱ ወዲህ ከሳጥን አውጥቼው አላውቅም” ብለው ጽፈዋል። አንድ ወጣት ፎቶውን አየና “ፌክ” ብሎ የሚስቅ ስቲከር አከለበት። ጋሼ መልስ አልሰጡም። ማታ ከግሩፑ ወጡ። ብሩ ትክክለኛ ይሁን አይሁን እስካሁን አናውቅም፤ አልተመዘነም። ደውለን ይቅርታ ጠየቅን፤ በኋላ ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ የምንሠራበት ደንብ ይህ ነው። ሳንቲም አጠራጣሪ ነው የሚል ሰው ያየውን ይናገራል፤ ፍርድ አይሰጥም። “ክብደቱ ሁለት ግራም ይጎድላል።” “የአንበሳው ጋማ ላይ ያለው መስመር ከሌሎቹ ይልቅ ደብዝዟል፤ ምናልባት ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ይሆን?” “ጠርዙን ቢያሳዩን?” እንዲህ ሲባል ባለቤቱ ራሱ ሄዶ ያጣራል። የሚስቅ ስቲከር በሰው ንብረት ላይ አይለጠፍም። የማታውቁትን ሰው “እርስዎ” በሉ። ልጅ ሆኖ ቢገኝ አንቱ በመባሉ አይከፋውም፤ አዛውንት ሆነው አንተ ሲባሉ ግን ይከፋቸዋል።

ትክክለኛ ነው የሚለውም ምክንያቱን ይናገር። “ኦሪጅናል ነው፣ እኔ አውቃለሁ” አይበቃም።

ሽያጭ

መሸጥ አይከልከል። ከከለከላችሁት በውስጥ መስመር ይሸጣል፤ ማጭበርበሩም እዚያው ይሆናል፤ እናንተም አታዩትም። ይልቅ የራሱን ክፍል ስጡት። ቴሌግራም ላይ ግሩፑን በቶፒክ መከፋፈል ይቻላል፤ እኛ “መለያ”፣ “ገበያ” እና “ቡና” የሚሉ ሦስት አሉን። “ቡና” ውስጥ የበዓል መልካም ምኞት፣ የልጅ ምርቃት፣ ቀልድ ሁሉ ይገባል። መስከረም 1 ቀን “እንኳን አደረሳችሁ” ያለው ሁሉ “መለያ” ላይ ቢጽፍ ያ ሳምንት ለሥራ አይሆንም ነበር።

“ገበያ” ውስጥ የመጀመሪያው ደንብ ዋጋ በአደባባይ ይጻፍ የሚል ነው። “ዋጋ በኢንቦክስ” የሚለውን ነገር ከግሩፓችን ለማጥፋት የጣርነውን ያህል በሌላ ነገር አልጣርንም። ዋጋ ሲደበቅ ለእያንዳንዱ ገዢ ሌላ ዋጋ ይነገራል። ውጭ ያለው ዘመድ ሦስት እጥፍ ይከፍላል። ዋጋ ያልጻፈ ማስታወቂያ በእኛ ግሩፕ ይሰረዛል፣ አለቀ።

ሁለተኛው፣ የተጠየቀ ዋጋ ዋጋ አይደለም። ቲክቶክ ላይ “ይህ ሳንቲም በሚሊዮን ይገዛል” የሚል ቪዲዮ የሰማ ሰው 1969 የሚል የደርግ ሳንቲም ይዞ ይመጣል። የአንበሳ ራስ ያለበት ያ ሳንቲም ብዙ ቤት መሳቢያ ውስጥ አለ። ሰውየውን አታሳፍሩት፤ ተስፋ አድርጎ ነው የመጣው። ግን “ስንት ተጠየቀ” የሚል ስክሪንሾት እንደ ማስረጃ አይቆጠርም። የተዘጋ ጨረታ ውጤት ካለው ያምጣ።

ቀብድ አይላክ። አድሚን በመካከል ገንዘብ አይያዝ፤ ወዳጅነቱ ቢኖርም አይያዝ። ርክክቡ በአካል ይሁን፤ የባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። ሙሉ ስብስባችሁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ የሰፈራችሁን ስም ጽፋችሁ አትለጥፉ። ይህን የማይጽፍ ደንብ ሞልቷል፤ እኔ ግን ከዋናዎቹ አንዱ ይመስለኛል።

ጨረታ የምታካሂዱ ከሆነ ሰዓቱን በደንብ ጻፉ። “ዛሬ ማታ 3 ሰዓት ይዘጋል” ብትሉ ዋሽንግተን ያለው ግራ ይጋባል። ሪያድ ያለው እንኳን፣ ሰዓቱ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ሆኖ ሳለ፣ ስልኩ 9 ስለሚል ይሳሳታል። “በአዲስ አበባ ማታ 3 ሰዓት፣ በፈረንጅ 21፡00” በሉ። በዚህ ምክንያት የሚነሣ ጠብ ቀላል አይምሰላችሁ።

ምንም ድርድር የሌለበት

የአክሱም ሳንቲም። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም አብዛኛው አድሚን አይደፍረውም።

የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ሳንቲም አሳትመዋል። ከንጉሥ እንዱቢስ ይጀምራል። በኢዛና ሳንቲም ላይ ቀድሞ የነበረው የጨረቃ ምልክት ቀርቶ መስቀል ይመጣል፤ የሀገሪቱ ሃይማኖት መለወጡን በእጅ ይዞ ማየት ነው። በአክሱም አካባቢ ዝናብ ካጠበው መሬት ገበሬውና ልጆች እነዚህን ሳንቲሞች ያገኛሉ። አንዱ ፎቶ አንስቶ “ገዢ አለ?” ብሎ ይለጥፋል። ሳንቲሙ ከየት እንደወጣ፣ ከምን ጋር እንደነበር ካልታወቀ ለታሪክ ያለው ጥቅም ግማሹ ይሞታል። ቦታው በግሩፕ ከታወቀ ደግሞ በማግስቱ ዶማ ይዞ የሚሄድ አይጠፋም።

ሕጉም አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል፤ ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣትንም ይከለክላል። የእኛ ደንብ እንዲህ ነው፦ የአክሱም ሳንቲም አይሸጥም፣ አይገዛም፣ ዋጋው አይጠየቅም። የተገኘበት ቦታ ስም አይጻፍም። ሙዚየም ውስጥ ያለን ፎቶ ከሙዚየሙ ስም ጋር መለጠፍ ይቻላል፤ እንዲያውም እናበረታታለን። ከቤተ ክርስቲያን የወጣ መስቀል፣ ብራና፣ ጽዋም በዚሁ ደንብ ይታያል።

ፖስቱ ሲመጣ የምናደርገው የተወሰነ ነው። አድሚኑ ያነሣዋል። ግሩፑ ውስጥ ማንም አይዘለፍም። በውስጥ መስመር አክብረን እንጽፍለታለን፦ “ያገኙት ነገር ትልቅ ቅርስ ሊሆን ይችላል። እባክዎ በአቅራቢያዎ ላለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳዩ። ሳያጥቡት፣ ሳይፈትጉት ይውሰዱት።” ብዙው ሰው ሕጉን አያውቅም፤ ሌባ አይደለም። ሌባ አድርጎ መናገር ወደ ደላላ ይገፋዋል። በድጋሚ ለመሸጥ ከሞከረ ግን ይወጣል።

አባላት ይቆጣሉ። “ውጭ ሀገር እኮ በአደባባይ ይሸጣል” ይሏችኋል። እውነት ነው፣ ይሸጣል። እኛ ግን ከመሬቱ አጠገብ ነን፤ የእኛ ግሩፕ ያንን መሬት የሚያስቆፍር አይሆንም። ጥሩ ሰብሳቢ የነበሩ ሰዎች በዚህ ደንብ ምክንያት ትተውን ሄደዋል። ዛሬም ደንቡን አልቀይረውም።

ታሪክና ጠብ

ሳንቲም ላይ ንጉሥ አለ፣ አብዮት አለ፣ ወራሪ አለ። “ፖለቲካ ክልክል ነው” ብላችሁ ጽፋችሁ ማምለጥ አትችሉም። በጣሊያን ዘመን ሊሬ ሥር የአርበኛ የልጅ ልጅ ይጽፋል። በደርግ ሳንቲም ሥር ወንድሙን ያጣ ሰው ይጽፋል። ይህን ዝም ማሰኘት ተገቢ አይመስለኝም። መስመሩን እንዲህ አስምረነዋል፦ ስለ ሳንቲሙ፣ ስለ ዘመኑ፣ ቤተሰብህ ስላየው መጻፍ ይቻላል። ሌላውን አባል፣ ብሔሩን ወይም ሃይማኖቱን መንካት አይቻልም። የዛሬ ዜና አይገባም። ክርክሩ ከጋለ ያንን ቶፒክ ለአንድ ሌሊት እንዘጋዋለን። ቴሌግራም አባላት በየስንት ጊዜው መጻፍ እንደሚችሉ መወሰንም ይፈቅዳል፤ በአምስት ደቂቃ አንዴ ሲሆን አብዛኛው ሰው በመሃል ይበርዳል።

ማስፈጸም

አድሚን ሦስት ይሁን። አንድ ብቻውን ሲሆን ጠብ ሁሉ የግል ጠብ ይሆናል። ከሦስቱ አንዱ ሌላ የሰዓት ክልል ውስጥ ቢኖር ሌሊት የሚለጠፈውን ይጠብቃል። አባል ከማስወጣታችሁ በፊት ሁለት አድሚን ይስማማ፤ ምንዛሪና ማጭበርበር ብቻ አንድ ይበቃዋል። አድሚንም ሲሸጥ ያንኑ ደንብ ያክብር። የአድሚኑ ማስታወቂያ ዋጋ ሳይጻፍበት ካለፈ ደንቡ ከዚያ ቀን ጀምሮ የለም።

የማስጠንቀቂያ መልእክቱን ቀድማችሁ ጽፋችሁ አስቀምጡ። በንዴት ሰዓት የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ሌላ ጠብ ይወልዳል። የእኛ ይህ ነው፦ “ጤና ይስጥልኝ። ያስቀመጡት ፖስት ክብደትና የጠርዝ ፎቶ ስለሌለው ለጊዜው አንሥተነዋል። አሟልተው ቢመልሱልን ደስ ይለናል።” የቀረው ምንድን ነው፣ እንዴት ይስተካከላል፤ ይኸው ነው። ስለ ሰውየው ጠባይ አንድ ቃል የለበትም።

ደንቡ በስልክ አንድ ገጽ ላይ ይለቅ። ካላለቀ አይነበብም። ማብራሪያውን ለብቻው አስቀምጡትና ጠያቂውን ወደዚያ ምሩት።

አንድ ነገር ይቀረኛል፤ ብዙ ደንብ ላይ አላየሁትም። ሰብሳቢ ይሞታል። ልጆቹ ከመሳቢያ ውስጥ ቆርቆሮ ሙሉ ሳንቲም ያገኛሉ፤ ስለ ምንነቱ አያውቁም፤ ግሩፑን ከአባታቸው ስልክ አግኝተው ይጽፋሉ። በዚያ ሰዓት ዋጋ ለመጥራት የሚሽቀዳደም አለ። የእኛ ደንብ ከአርባው በፊት ማንም አባል ለሐዘንተኛ ቤተሰብ የግዢ ጥያቄ እንዳያቀርብ ይከለክላል፤ በውስጥ መስመርም ቢሆን። ቤተሰቡ ራሱ ለመሸጥ ቢቸኩል እንኳን መጀመሪያ ዝርዝር ይሠራል። ሁለት አባላት፣ ገዢ ያልሆኑ፣ ቤት ሄደው ከቤተሰቡ አንድ ሰው ባለበት እያንዳንዱን ይመዝናሉ፣ ፎቶ ያነሣሉ፣ በደብተር ይጽፋሉ። ደብተሩ እዚያው ቤት ይቀራል። ሳንቲሞቹም ከቤት አይወጡም። ከዚያ በኋላ መሸጥ ከፈለጉ “ገበያ” ላይ፣ በራሳቸው ዋጋ፣ በአደባባይ ያወጡታል።